ጣሪያ ያልደረሰው ግድግዳ

መርሳ ላይ አውቶቡስ ሲቆም መጀመሪያ መስኮቱ ሥር የምትደርሰው ረሂማ ናት። ሌሎቹ ፍራፍሬ ሻጮች ገና ቅርጫታቸውን ከመሬት ሲያነሱ እሷ ከሾፌሩ ጋር ሰላምታ ጨርሳ፣ ከረዳቱ ጋር ተቀላልዳ፣ ማንጎዋን ከመንገደኛው አፍንጫ ሥር አድርሳለች። ምላሷ ስለት ነው። ዋጋ የሚያጣጥል ካጋጠማት «ወንድሜ፣ ወልድያ ስትደርስ ይኸንኑ ማንጎ በእጥፍ ትገዛዋለህ፤ ያን ጊዜ እኔን እያማህ ብላ» ትለዋለች። ሰውየው ይስቃል፤ የሳቀ ደግሞ ሳይገዛ አይሄድም። ባሏ አብዱልሐሊም የከባድ መኪና ረዳት ስለሆነ ከጅቡቲ መንገድ ላይ አይጠፋም፤ ቤቱን የምትመራው እሷ ናት፤ ልጃቸውን ሰዓዳንም የምታሳድገው እሷው ናት። ሰዓዳ አምስት ዓመቷ ነው። ምላሷ ወደ እናቷ ሄዷል።

ይቺ ሾፌርና መንገደኛ የማትፈራ ሴት አንገቷን የምትደፋለት አንድ ሰው ነበር፤ አከራይዋ ሚስባህ። ተከራይቶ የኖረ ሰው ይኸን ለማስረዳት ብዙ አይደክምም። ለአገር ሁሉ የሚዘረጋ ምላስ የአከራይ በር ላይ ሲደርስ ይታሰራል። ውሃው ሲዘጋ ዝም፣ መብራቱ ሲቆረጥ ዝም፣ ልጅ ጮክ ብሎ ሲስቅ «እሽ! ሰው ይሰማል» ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ዝም ባለ አፍ ምን ምን እንደሚገባ ግን ረሂማ ቆይታ ነው ያየችው።

ሚስባህ እህል ነጋዴ ነው። ክፉ ሰው ነው ብሎ መጀመር ይቀል ነበር፤ ግን ክፉ አይባልም። በረመዳን ለግቢው ተከራይ ሁሉ ማፍጠሪያ ይልካል፤ ሰው ሲሞት ቀድሞ ይደርሳል፤ ሰዓዳን መንገድ ላይ ሲያገኛት ከረሜላ ሳይሰጣት አያልፍም። በዚህ ምክንያት ነው በኋላ ረሂማ ስትናገር ሰው ያላመናት።

ክፍሉን የተከራየችው በግንቦት ነበር። ከዚያ በፊት ከኖረችባቸው ሁሉ ይሻላል፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ቆርቆሮው አያፈስም፣ ከመናኸሪያው ሩቅ አይደለም። ቅድሚያ ክፍያ ሲጠይቃት አብዱልሐሊም ያጠራቀመውን አንስታ ሰጠች፤ ውል ተጻፈ፤ ምስክር ፈረመ። አንድ እንከን ብቻ ነበረው። የጀርባው ግድግዳ ከሚስባህ መጋዘን ጋር የጋራ ነው፤ ያ ግድግዳ ደግሞ ጣሪያ አይደርስም። ከላይ ክንድ የሚያህል ክፍተት አለ፤ ኮርኒስ የሚባል ነገር የለም። መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ሲወርድ አቧራው እሷ አልጋ ላይ ያርፋል።

«አያ ሚስባህ፣ ይኸ ክፍተትስ?» ብላው ነበር ገና ስትከራይ።

«አብሽሪ፣ አስደፍነዋለሁ» አላት።

አብሽሪ ደግ ቃል ነው፤ ወሎ ላይ ስንቱን ሐዘንተኛ አሳድሯል። ግድግዳ ግን አይደፍንም።

ሰኔ ሲገባ ማሽላው ነቀዘ። አንድ ቀን ረሂማ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ወደ ቤት ስትመለስ ተሸካሚዎቹ አፍና አፍንጫቸውን በፎጣ ጠምጥመው ከመጋዘኑ ሲወጡ አየች። ሚስባህ ራሱ ቆሞ በሩን ዙሪያውን በጭቃ ያስመርጋል። ትናንሾቹ ልጆቹ ሊጠጉ ሲሉ ተቆጥቶ መለሳቸው።

«ምነው አያ ሚስባህ፣ በሩን አስመረጉት?»

«አይጥ አስቸገረን» አለ፤ ዓይን ዓይኗን ግን አላያትም።

እሷም አይጥ መሰላት። ሰው አከራዩን ካላመነ በምን አንጀቱ ይተኛል?

ሰዓዳ የታመመችው ከዚያ ወዲህ ነው። ጠዋት ስትነሳ ራሷን ይዛ ታለቅሳለች፤ ሆዷን ይቆርጣታል፤ ያስመልሳታል። እናቷ አዝላ መናኸሪያ ስትወስዳት ረፋዱ ላይ ፊቷ ይመለሳል፤ ከሰዓት ጋሪ ስታሳድድ ትውላለች። ደህና ሆና ተኝታ ታማ ትነሳለች። ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ «አሜባ ይሆናል» ብለው ሽሮፕ ሰጧት። ጠጣች፤ አልተሻላትም። ግራና ከተማ ወዳለችው እናቷ ዘንድ ይዛት ሄዳ ከረመች፤ ልጅቷ ልክ እንደ ጥጃ ፈነጨች። ወደ መርሳ በተመለሱ ማግስት ያው ሆነች።

እቤት ብቻ የሚነሳ ሕመም በሰፈሩ ሌላ ስም አለው። ጎረቤቶቿ አንድ አፍ ሆኑ። «ዓይን ነው» አሉ። «ደርባባ ልጅ በየአውቶቡሱ መስኮት ይዘሽ እየዞርሽ ምን ትጠብቂያለሽ? በልተዋታል!» መድኃኒቱንም እነሱው ነገሯት። ረሂማ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም በጨርቅ ቋጥራ አንገቷ ላይ አሰረችላት። ያም አልበቃ ብሏት አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት ከገበያ ገዝታ የጋራው ግድግዳ ላይ ሰቀለች። ቤቱ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተ።

ከዚያ በፊትም እንዲሁ ይሸት ነበር። ነገር ግን አሁን ሽታው ምክንያት አገኘ፤ ጠያቂ ሁሉ ገብቶ አሽትቶ «ጎበዝ፣ ደግ አደረግሽ» እያላት ይወጣ ጀመር። ጤና ጣቢያ ስትመላለስም ቋጠሮው ከልጅቷ አንገት አልወረደም። ነርሷ አፍንጫዋን ይዛ ሳቀችባት እንጂ ሌላ አልጠረጠረችም።

የጠረጠረችው ፍረወይኒ ናት። ፍረወይኒ መንገድ ማዶ ፀጉር ትሠራለች፤ ትውልዷ ወልድያ፣ አባቷ እህል ነጋዴ የነበሩ። ሰዓዳን ልትጠይቅ መጥታ ከበሩ ገባ እንዳለች ቆመች።

«ይኸ የምንድን ነው ሽታው?»

«ነጭ ሽንኩርት ነዋ! አፍንጫም ፀጉር ቤት ትተሽ መጣሽ እንዴ?»

ፍረወይኒ አልሳቀችም። «አውጪው እስቲ» አለቻት። የግድግዳውን ጉንጉን አወረዱ፤ የሰዓዳን ቋጠሮ ፈቱ፤ ሁሉንም ውጭ አርቀው አስቀመጡት። ልጅቷን ይዘው ከቤት ወጡ፤ በሩን ዘጉና ተቀመጡ። ብዙ ቆይተው ፍረወይኒ ብቻዋን በሩን ገርበብ አድርጋ ራሷን አስገባች። ወዲያው መለሰችው። ፊቷ ተለውጦ ነበር።

«ሽንኩርቱ ወጥቷል፤ ሽታው አለ» አለች። «ረሂማ፣ ይኸ የነቀዝ ክኒን ነው። ጆንያ መሀል ይጥሉትና ሲተን ነቀዙን ይገድለዋል። ሽታው ልክ እንደ ነጭ ሽንኩርት ነው። አባቴ ክኒን የገባበት መጋዘን ባለበት ግቢ እንኳን ሊያስተኛን፣ ዶሮ አያሳድርም ነበር።»

ረሂማ ሽታውን የሸፈነችው በገዛ እጇ ነበር። ልጄን አዳንኩ ብላ ልጇን የሚገድለውን ነገር ልብስ አለበሰችው። ይኸን ስታስብ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን ነጨች።

ቀጥላ ወደ ሚስባህ ሄደች። ሱቁ በር ላይ ጨርቅ የለበሰ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«አያ ሚስባህ፣ መጋዘኑ ውስጥ ክኒን አስገብተዋል?»

«የምን ክኒን?»

«የነቀዝ። ልጄ በእሱ ነው የምትታመመው። በአላህ ይሁንብዎ፣ ያውጡልኝ። ካልሆነም ቅድሚያዬን ይመልሱልኝና ልውጣ።»

ሚስባህ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ሱቁ ውስጥ ወዳለው ደንበኛ አየት አደረገ። «ረሂማ፣ እህቴ፣ ቤቱን በነጭ ሽንኩርት የሞላሽው አንቺ። ልጅቷ አንገት ላይ ያሰርሽው አንቺ። አሁን ዞረሽ ቤቱ ሸተተኝ ትያለሽ? እኔ እህል ነው ያስገባሁት። ደግሞ ይኸን ወሬ ከእንግዲህ ደንበኛዬ ፊት እንዳታወሪ።»

ደንበኛው ሳቀ። የመናኸሪያዋ ምላሰኛ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች።

ሚስባህ ለምን እንደዋሸ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። መጋዘኑ ከጊዜው በፊት ከተከፈተ ነቀዙ ሳይሞት ይቀራል፤ ነሐሴ ደግሞ ማሽላ የሚወደድበት ጊዜ ነው። ለሰዓዳ ክፉ አልተመኘላትም። ምንም አትሆንም ብሎ ራሱን አሳመነ፤ ያመነውን ደግሞ ደጋግሞ ላለማየት ዓይኑን አዞረ። ሰው በጠላትነት ብቻ አይገድልም።

ቀበሌ ሄደች። «ማስረጃ አለሽ?» አሏት። ሽታ በምን ይያዛል? «ለጊዜው በሽማግሌ ጨርሱት» ብለው ሸኟት። አላረፈችም፤ ሚኒባስ ተሳፍራ ወልድያ ወረደች። እዚያ በነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥበት ክፍል አለ ብላ ፍረወይኒ ነግራት ነበር። ያሬድ የሚባል ወጣት ተቀበላት፤ ውሉን አነበበ፤ ታሪኩን ሳያቋርጣት ሰማ።

«እመቤቴ፣ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው» አላት። «ጤና የሚጎዳ ቤት ውስጥ ተከራይ እንዲቀመጥ የሚያስገድደው የለም። ውል ቢፈርሙም፣ ቤቱን አይተው ቢገቡም፣ ውሉን አፍርሰው መውጣት ይችላሉ። ያልኖሩበትን ኪራይ ሊመልስልዎት ይገባል።»

ረሂማ ዕድሜዋን ሙሉ ተከራይታ ስትኖር መብት አለሽ ያላት ሰው ይኸ የመጀመሪያው ነው። ደስታው ግን ከበሩ አላለፈም። ለጤና ቢሮ ማመልከቻ ይጻፋል፣ ባለሙያ መጥቶ ይመረምራል፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። «መቼ ነው የሚመጡት?» ብትለው ያሬድ ራሱን አከከ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸ ነው።

«አንድ ነገር ግን አይቆይም» አላት ሲሸኛት። «ሐኪሙ ልጅቷ ምን እንደተነፈሰች ማወቅ አለበት። ሳያውቅ ምኑን ያክማል? ሰውየው ያስገባውን ይናገር።»

መርሳ ስትመለስ ጤና ጣቢያ ሄዳ ነገረች። «ማን አየ?» አሏት። አላየችም። ባለቤቱም የለም ብሏል። እሷም ብትሆን ዓይን በልቷታል ብላ ሽንኩርት ስታስር የከረመች እናት ናት፤ ቃሏ ምን ሚዛን ያነሳል?

ሽታው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ፍረወይኒ ጠባቧ ክፍሏ ውስጥ አስጠግታቸዋለች። እሷም ግን ተከራይ ናት፤ የእሷ አከራይ ደግሞ ውሃና መብራት በሰው ቁጥር የሚቆጥሩ ሴትዮ ናቸው። «እንግዳሽ አልበዛም?» ማለት ጀመሩ። ረሂማ ሌላ ቤት ፍለጋ ከላይ እስከ ታች ዞረች። «የሚስባህ ተከራይ አይደለሽ እንዴ? ያቺ የከሰሰችው?» ይሏትና ክፍሉ ድንገት የተያዘ ይሆናል። ሚስባህም ሰው ልኮባት ነበር፤ ስሜን አጥፍታለች፣ ውል አፍርሳለች፣ ትውጣ፣ ቅድሚያውን ግን አታስበው የሚል።

ሰዓዳ ከዚያ ቤት ብትወጣም ቶሎ አላገገመችም። ልቧ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ትቀመጣለች። ጋሪ ማሳደድ ቀረ። ረሂማ የልጇ ደረት ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ስትሰማው የራሷ ልብ ይቆማል። ስለዚህ ሽማግሌ ጠራች።

በወግ እንደሆነው ሁለቱም አንድ አንድ ሰው መረጡ። ሚስባህ የመረጠው አማቱን ሼህ ሙባረክን ነው፤ ሸምግለው ደረታቸው የደከመ፣ ሁለት ቃል ተናግረው የሚያርፉ ሰው ናቸው። እሷ የመረጠችው የዕድሩን ዳኛ አያ ሀይሉን ነው። አንዱ የመስጊድ፣ አንዱ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆነው ስንቱን ደም ያደረቁ ጓደኛሞች ናቸው። ከሰዓት በኋላ በሚስባህ ግቢ፣ ማንጎው ሥር አግዳሚ ተደርጎላቸው ተቀመጡ። ሰዓዳ ፍረወይኒ ዘንድ ተኝታለች። ረሂማ ቆማ ነው የምትጠብቀው፤ ተቀመጪ ብትባል እንኳ አልቻለችም።

ሚስባህ ሲናገር ያምርበታል። «ረሂማ እህቴ ናት። ልጇ ልጄ ናት። እኔ ሰው የምጎዳ ሰው ነኝ? ወላሂ...»

«ወላሂውን ተወው» አሉ ሼህ ሙባረክ። «ነገሩን ብቻ ተናገር።»

«ነገሩማ ይኸው ነው። ሕፃን ታመመች፤ ሕፃን ደግሞ ይታመማል። በእኔ ላይ ምን ያመጣዋል?»

አያ ሀይሉ ጣልቃ ገቡ። «መጋዘኑ ውስጥ ምን አስገባህ?»

«እህል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ይኖራል፣ አያ ሀይሉ? የእህል መጋዘን ነው።»

ረሂማ ተራዋ ደረሰና ተናገረች፤ ስለ ፎጣው፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ሽታው። እያለቀሰች ስለነበር ቃሉ እየተቆራረጠ ወጣ። ከአጥሩ ሥር የቆሙት ሴቶች ስለ ሽንኩርቱ ሲንሾካሾኩ ሰማቻቸው። ሽማግሎቹ ተያዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን የጠረጉት የራሷ ሽማግሌ፣ አያ ሀይሉ ናቸው።

«ልጄ፣ ያላየነውን አየን አንልም። እንግዲህ እሱም ይተው፣ አንቺም ተይ። የቅድሚያውን ግማሽ ይመልስልሽና በሰላም ተለያዩ።»

ሽምግልና ግማሽ ይወዳል። ድንበር ይከፍላል፣ ላም ይከፍላል፣ ጥፋትንም ለሁለት ገምሶ ለሁለቱ ያሸክማል፤ ብዙ ጊዜም አገር የሚያድረው በዚሁ ነው። የሰዓዳን ልብ ግን ማን በግማሽ ይከፍለዋል? ረሂማ ግማሹን ብትቀበል ሚስባህ ምንም አላደረገም ተብሎ ይዘጋል፤ ሐኪሙም ምንም ሳይሰማ ይቀራል። አይሆንም ብትል ደግሞ ሽማግሌ የረገጠች ትባላለች። እንዲህ ተጨንቃ ስትቆም ሰማዩ ተከፈተ። የሐምሌ ዝናብ ነው፤ ማስጠንቀቂያ የለውም። ሁሉም ብድግ ብድግ አለ።

«ሳሎን ግቡ፣ ሳሎን ግቡ!» አለ ሚስባህ።

ሼህ ሙባረክ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። «የዐስር ሶላት ደርሷል። መስገድ አለብኝ።»

«ሳሎን ይስገዱ፣ አባባ፤ ምንጣፍ አለ።»

«ዛሬ ዳኛ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «ነገር ሳያልቅ ያንተ ምንጣፍ ላይ ብሰግድ ያንተ እንግዳ ሆንኩ ማለት ነው። የተጣላችሁበት ቤት የማንም ወገን አይደለም፤ እዚያ እሰግዳለሁ። በዚያውም ቤቱን አየዋለሁ። ረሂማ፣ ወለልሽ ንጹሕ ነው?»

«ንጹሕ ነው» አለች ከልማድ፤ ለእንግዳ ሌላ ምን ይባላል? ቁልፉን ከመቀነቷ ፈታች። ቤቱ ከተዘጋ ቀናት አልፈዋል። ቁልፉ በሩ ላይ ሲዞር ነው ነገሩ የገባት። እኒህ ደረታቸው የደከመ ሽማግሌ ያን ወለል ሊተነፍሱት ነው። ዝም ብትል፣ ዝም ብቻ ብትል፣ የልጇ ሕመም ምስክር ያገኛል። ሐሳቡ መጣባት፤ መጣባትና በራሷ አፈረች። በሩን ይዛ «ሼህ...» ብላ ዞረች።

ከእሷ ቀድሞ የጮኸው ግን ሚስባህ ነው።

«አባባ! አይሰገድም እዚያ!» ዝናቡን ጥሶ ሮጦ መጥቶ እጅጌያቸውን ያዘ። «ወለሉ ላይ አይደፉ!»

«ምነው?» አሉ ሼህ ሙባረክ ተገርመው።

«ለደረትዎ አይሆንም... ታች ነው የሚተኛው...»

«ምኑ?»

ሚስባህ አፉን ዘጋ። ዘግይቶ ነበር።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» አሉ አያ ሀይሉ፤ ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ሐዘን ነበር።

ረሂማ በሩን በሰፊው ከፈተችው። ከግድግዳው ሥር የልጇ ፍራሽ ይታያል። «ሼህ፣ ያን ፍራሽ ያዩታል?» አለች። አሁን አታለቅስም። «አልጋው ለሁለት ስለማይበቃን ሰዓዳ ታች ነው የምትተኛው። እርስዎ ግንባርዎን አሳርፈው ቶሎ ሊያነሱት በነበረበት ቦታ ላይ ነው እሷ ጉንጯን ጥላ የምታነጋው።»

ሽማግሌው ፍራሹን አዩ፤ ከፍራሹ በላይ ግድግዳውን፣ ከግድግዳው በላይ ክፍተቱን አዩ። ከዚያ እጅጌያቸውን ከአማቻቸው እጅ አላቀቁ።

«ለእኔ አንድ ሶላት ያላመንክበትን ወለል ለሕፃን አከራየኸው?»

«ክኒኑን ትንሽ ነው ያስገባሁት፣ አባባ... ግድግዳው ይይዘዋል ብዬ... ከተከፈተ እህሉ...»

«ተከራይ አማና ናት፣ አደራ ናት፣ ሚስባህ። በጣሪያህ ሥር ያደረች ነፍስ አማናህ ናት።» ከዚህ በላይ ትንፋሽ አልበቃቸውም።

ሚስባህ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ቀረ። አያ ሀይሉ ቅድሚያው ሙሉውን ይመለሳል፣ መጋዘኑ የሚያውቅ ሰው ተጠርቶ ይከፈታል፣ ግቢው ውስጥ ያሉት ሁሉ እስከዚያው ይውጡ እያሉ መወሰን ጀመሩ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወጡ። ረሂማ ግን ጣልቃ ገባች፤ በሽማግሌ ንግግር ጣልቃ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር።

«እሱ ይደርሳል፣ አያ ሀይሉ። ቅድሚያውም ይደርሳል።» ወደ ሚስባህ ዞረች። «በል፣ ና። ጤና ጣቢያ አብረኸኝ ትሄዳለህ። ያስገባኸውን በገዛ አፍህ ትነግራቸዋለህ።»

«ሰው ልላክ፣ ረሂማ፤ ወይ ስልክ...»

«በገዛ አፍህ።»

ሼህ ሙባረክ በትራቸውን ወደ በሩ አመለከቱ። ሚስባህ ሄደ።

ፍረወይኒ ሰዓዳን በነጠላ ጠቅልላ አወጣቻት፤ ሁለት ባጃጅ ተሞልቶ ጤና ጣቢያ ደረሱ። ሼህ ሙባረክም አልቀሩም፤ ዐስራቸውን ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፈው ሰገዱ። ተረኛዋ ሐኪም ልጅቷን አልጋ ላይ አስተኝታ ደረቷን አዳመጠች፤ ፊቷን ቋጠር አደረገች፤ እንደገና አዳመጠች። ሚስባህ ከእግርጌ ቆሞ ልብሱ ይንጠባጠባል። የክኒኑን ስም ተናገረ። መቼ መቼ እንዳስገባውና ስንት ጆንያ ላይ እንደተጣለ ተናገረ። ሐኪሟ መጻፏን አቆመች፤ ነርሷን ጠርታ አምቡላንስ ወደ ወልድያ እንዲዘጋጅ አዘዘች።

«ልቧ ሆስፒታል መታየት አለበት» አለች ለረሂማ። «ምን እንደሆነ አሁን ስላወቅን የሚያዩት ያውቃሉ። ቀድሞ ቢነገረን ኖሮ...» ቃሏን ሳትጨርስ ወደ ሚስባህ ዞረች። «ከግድግዳው ማዶ ሕፃን እንደምትተኛ ያውቁ ነበር?»

ሚስባህ በመስኮቱ በኩል አማቱን አያቸው፤ ከሶላት ተነስተው እሱኑ እያዩ ነው። ከዚያ አልጋው ላይ ያለችውን ልጅ አየ። ሰዓዳም ዓይኗን ገልጣ አየችው፤ ከረሜላ የሚሰጣት ሰውዬ ስለሆነ ፈገግ አለችለት።

«አውቅ ነበር» አለ።

ረሂማ ስትለፋ የከረመችው ለዚህች ቃል ነበር። ስትሰማት ግን የአልጋውን ብረት ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች።